መርዶ ያልተነገረው ሰው

ንጉሤ የጎሬ ልጅ ነበር፤ ሲሄድ ግራ እግሩን ትንሽ ይስባል። ስጦታው ከደብረ ሲና በታች ነው የተወለደው፤ ለትልቁም ለትንሹም ነገር በእናቱ ስም ይምላል። ለሜሳ የነቀምት ልጅ ነው፤ በኮዳው ላይ ጣቱን እያንኳኳ ይዘፍን ነበር። መሐመድ የከሚሴ ነው፤ ስኳር ሲገኝ ሻዩ ውስጥ አይጨምርም፣ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ነው የሚጠጣው። እነዚህን አራት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አይቼአቸው አላውቅም። ፎቶግራፋቸው የለኝም፤ እነሱም ሰበታን ረግጠዋት አያውቁም። ሆኖም ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሠፈራችን ድንኳን ተተክሎላቸው፣ ሦስት ቀን ተቀምጬ አልቅሼላቸዋለሁ። ያወቃቸው ኃይሉ ነው፤ ኃይሉ ጌሾ ሸጠው የሚተዳደሩት የእማማ ጥሩነሽ ልጅ ነው። ድንኳኑን ያስተከሉት ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ የእድራችን ዳኛ፣ ገበሬ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው። እኔ ወርቁ ነኝ፤ ጎማ ለጣፊው፣ በሠፈር ስሜ ጎሚስታው፣ በዚያ ላይ የእድሩ ጸሐፊ። አንድ ሰው ይቀራል፤ የመጨረሻ ልጄ ብሩክ። እሱ ያኔ አልተወለደም። ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን በእሱ ምክንያት ነው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ኃይሉ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የእድሩን አሮጌ ድንኳን አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። ዛሬ እድራችን የብረት ቋሚ ያለው አዲስ ድንኳንና የፕላስቲክ ወንበር አለው፤ አሮጌውን ሸራ ግን ማንም ጣለው ብሎት አያውቅም። ሸራው ላይ ካለው ቁራጭ ግማሹ የእኔ እጅ ሥራ ነው፤ በተቀደደ ቁጥር ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጬ በማስቲሽ ለጥፌዋለሁ። ዘንድሮም አንድ ጥጉ ተቀዶ ስለነበር ማስቲሼን ይዤ ሄድኩ። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ ሠላሳ ዓመት የሚያልፍ ዘመን አንድ ጊዜ መጣብኝ። በዚያው ሰዓት ብሩክ በአጠገባችን አለፈ። ከሠራዊት ከተመለሰ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። ይበላል፣ ይተኛል፣ የሰው ሰላምታ በጭንቅላቱ ይመልሳል፤ ከዚያ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። እናቱ አስካለ ሰንጋ ገዝተን ዘመድ እንጥራ እያለች ነበር። እኔ ደግሞ ልጁ ሥራ ቢይዝ ይሻለዋል ብዬ ጠዋት ጠዋት እመክረዋለሁ። ምክሬ በዘይት ላይ እንደሚፈስ ውኃ ሆኖብኛል። ልጄ ቤቴ ውስጥ ሆኖ ቤቱ አልገባም። ኃይሉ ቀና ብሎ አየውና፣ ሸራውን ማጠፉን ትቶ አንድ ነገር ነገረኝ። ምን እንዳለኝ ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ያኔ ሰበታ እንዲህ ፎቅ አልነበረባትም። ከዓለም ገና እስከ እኛ ድረስ መንገዱ ዳር የባሕር ዛፍና የጤፍ ማሳ ነው። የእኔ ጎሚስታ ቤት የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ክሪክ፣ አንድ የእጅ ፓምፕና ውኃ የሞላበት ግማሽ በርሜል ነበር። ከመነዳሪ ለመለጠፍ አንድ ብር ከሃምሳ አስከፍላለሁ፤ ከፊት ለፊቴ ያለችው ሻይ ቤት ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ትሸጣለች፣ ከእንጀራ ጋር ሽሮ ለበላ ሻዩን በነፃ። ያለቀለትን ጎማ በረባሶ ሠሪዎች ይወስዱታል፤ ከእኔ ደጅ ወጥቶ ጅማ ድረስ የተጓዘ ጎማ ተመልሶ በሰው እግር ላይ ሆኖ ሲመጣ አየው ነበር። ሥራ ያለው ቴትሮን ሱሪ ይለብሳል፣ የሌለው ካኪ፣ ከዚያ በታች ያለው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ማንበብ ራሴን ያስተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ተራ ሰው ሊማር ከፈለገ መጠቅለያም ይበቃዋል፤ ይህን ልጆቼ እስኪሰለቻቸው ነግሬአቸዋለሁ። የሻይ ቤቷ ቴፕ ለዓመታት የሰልፍ ዜማ ስታሰማን ቆይታ፣ በዚያን ዓመት ተመልሳ ስለ ፍቅር መዝፈን ጀምራ ነበር።

ወታደር የነበሩ ሰዎች በዚያ መንገድ መምጣት የጀመሩትም ያኔ ነው። አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በጭነት መኪና ላይ፤ ቁልፉ የተበጠሰ ካፖርት ለብሰው፣ ለመንገድ የተሰጣቸውን ስንዴ በጨርቅ ቋጥረው። ሰው ያዝንላቸው ነበር፣ ይፈራቸውም ነበር። እነዚያ ሰዎች ትናንት በከበሮ የተሸኙ የእኛው ልጆች ናቸው። ልጅን በከበሮ ሸኝቶ በጎን ዓይን የሚቀበል ሕዝብ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፤ ያኔም ብዬዋለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ኃይሉ ከእነዚህ አንዱ ሆኖ መጣ። እማማ ጥሩነሽ ለዓመታት ወሬ አልሰሙም ነበር፤ ሲያዩት የጌሾውን ቁና ገፍተው ደፉት። እኛም ደግ ያደረግን መስሎን መዋጮ አዋጣን፣ በግ አረድን፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከሻይ ቤቷ ቴፑ መጣ። ኃይሉን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። የገባው ሰው ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ትከሻውን እየሳመ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ከስንቱ መሃል አንተን መርጦ ያተረፈ አምላክ ይመስገን። እያንዳንዱ ሰው ይህን ሲለው አንገቱ ትንሽ ዝቅ ትል ነበር፤ እፍረት መሰለን። ጉበቱ መጀመሪያ ለእሱ ተሰጠው። ይዞት ጥቂት ቆየና ሰሐኑ ዳር ላይ አስቀመጠው፣ መጣሁ ብሎ ወጣ። ካፖርቱ ሚስማሩ ላይ ቀረ። እሱም ቀረ።

እማማ ጥሩነሽ ከዚያ ወዲያ ገበያ አልወጡም። ቡራዩ የምትኖር እህት ነበረቻቸው፤ እዚያ ሄጄ ጠየቅሁ፣ እሷም ዘንድ አልሄደም። በስንት ቀኑ አንድ ድርቆሽ የሚጭን ሾፌር ጎማው ፈንድቶበት እኔ ዘንድ ቆመና፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሳር የሚያስር አንድ የማይናገር ወታደር አለ አለኝ። ለኦቦ ቱሉ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ጎሚስታ ቤቴ ደጅ ቆሙ።

መርካቶ ድረስ በውይይት ታክሲ፣ ጉልበት ለጉልበት ተፋጠን ሄድን። ከዚያ እንጦጦን በሚወጣ አሮጌ አውቶቡስ። መንገዱን ሙሉ ለልጁ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ስለ እናት፣ ስለ ወንድነት፣ ስለ ሥራ ክቡርነት። ጮክ ብዬ ሞከርኩት መሰለኝ፣ ኦቦ ቱሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ወርቁ፣ የአንተ ንግግር እንደ ጎማህ ነው። ጠጥሮ ነው የሚነፋው» አሉ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ቅቤ ነጋዴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

የዛሬው ሱሉልታ ግንብና አጥር ነው፤ ያኔ ዓይን እስኪታክት ድረስ ሳር ነበር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ኃይሉን ከአንድ የድርቆሽ ክምር ሥር አገኘነው፤ በጆንያ ትከሻውን ሸፍኖ ሳር ያስራል። ሲያየን አልሸሸም። እኔ ወዲያው ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ፤ እናትህ እንዲህ ሆኑ፣ ሰው የበላበትን ቤት እንዲህ ጥሎ አይሄድም እያልኩ። ኦቦ ቱሉ በጃንጥላቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረጉና ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ» አሉት፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለት ነው።

«ፈያዳ» አለ ኃይሉ፣ ደህና ነኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ደህና አይደለሁም ኦቦ ቱሉ» አለ። «አራት ሰው በእጄ ቀብሬአለሁ። መቅበርም አይባል፣ ድንጋይ ነው የከመርኩባቸው። እናንተ እኔን መርጦ አተረፈህ ስትሉኝ፣ እነሱ ያልተመረጡት በር ላይ ቆመው የሚሰሙ ይመስለኛል። እንዴት አድርጌ ልጉረስ?»

ኦቦ ቱሉ ምንም አላጽናኑትም። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ስማቸውን ጠየቁት። በስም ብቻ አልተዉትም። ንጉሤ የማን አገር ሰው ነው? አረማመዱስ? የስጦታው እናት በሕይወት አሉ? ለሜሳ ምን ነበር የሚዘፍነው? መሐመድ ልጅ ነበረው? ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስለ ሟች እንደምንጠያየቀው አድርገው ነው የጠየቁት። በመግቢያዬ የጻፍኩትን ሁሉ የሰማሁት እዚያ ሳር ላይ ነው። ሲጨርስ፣ አልቅሰህላቸዋል ወይ አሉት። እየሸሸን ነበር፣ ቆሞ የሚያለቅስ አልነበረም አለ።

«መርዶውንስ ማን ነገረህ?»

ኃይሉ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ መራራ ፈገግታ ነው። «እኔ ቀብሬአቸው መርዶ ማን ይነግረኛል?»

«ለዚህ ነዋ» አሉ ኦቦ ቱሉ። ተነሥተው ጋቢያቸው ላይ የተጣበቀውን ሳር አራገፉ። እናትህን አይተህ ትመለሳለህ ብለውት ይዘነው መጣን።

የአገራችንን ሥርዓት የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ሰው ወሬውን በመንገድ አይሰማም። ቢጠረጥር እንኳ ያፍነዋል እንጂ አያለቅስም። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ቤቱ ሄደው ከበውት ተቀምጠው ይነግሩታል። ያ መርዶ ነው። ለቅሶ የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንባ በር ካልተከፈተለት አይወጣም። ኃይሉ አራት ሞት ተሸክሞ መጥቶ ነበር፣ ማንም አልነገረውም ነበር። እኛ ደግሞ በግ አረድንለት።

በእሑዱ የእድር ስብሰባ ኦቦ ቱሉ ነገሩን አቀረቡ። ለኃይሉ መርዶ ይነገር፣ ለአራቱም ድንኳን ይተከል። ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ አባል፣ በዚህ መንገድ ስንቱ ወታደር እየመጣ ነው፣ ያገር ሙት ሁሉ እኛ ድንኳን ሊገባ ነው ወይ አለ። እኔም ተቃወምኩ። ደንቡን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ድንኳን የሚተከለው ለአባት፣ ለእናት፣ ለትዳር፣ ለልጅ፣ ለእህትና ለወንድም ነው ይላል። ደንብ አንድ ጊዜ ከላላ አይጠብቅም አልኩ። ይህንን ሐሳቤን ዛሬም አልተውኩትም።

ኦቦ ቱሉ አዳምጠውኝ፣ «ወንድም የሚለውን ማን ጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እስክሪብቶህ አልቋል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልድ መስሎኝ ቆየሁ፤ እሳቸው ግን እየጠበቁኝ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ደንቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ «ወንድም» ከሚለው ቀጥዬ «ወይም አብሮ ለዘመተ» ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኩት በኋላ ደንቡ የላላ ሳይሆን የጠበቀ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን በቅጡ ማስረዳት አልችልም።

መርዶውን የነገርነው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። አምስት ሽማግሌ ሆነን ገባን፤ በዕድሜ ባልደርስም ጸሐፊ ነኝና ተቆጠርኩ። ኃይሉ መደቡ ላይ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ጥግ ቆመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ኦቦ ቱሉን ሲያይ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ለምን እንደመጣን የገባው ይመስለኛል፣ ግን እንደማያውቅ ሰው ዓይን ዓይናቸውን ያያል።

«ኃይሉ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ወንድምህ ንጉሤ ዐርፏል። ስጦታው ዐርፏል። ለሜሳ ዐርፏል። መሐመድ ዐርፏል። እኛ ዛሬ ሰማን፤ አንተም ዛሬ ስማ።»

በገዛ እጁ የቀበራቸው ሰው፣ ልክ በዚያች ደቂቃ እንደሰማ ሆኖ መሬት ወደቀ። ያንን ድምፅ አልገልጸውም። አምስታችንም ይዘነው አልቻልንም፤ ኦቦ ቱሉ ተዉት አሉ፣ ተውነው።

ድንኳኑ ተተከለ። ሠፈርተኛው የማያውቃቸውን ሰዎች እንዴት ያለቅሳል ብዬ ሰግቼ ነበር። አልቃሿ ወደ ኃይሉ ጠጋ ብላ ስለ እያንዳንዳቸው ጠየቀችውና፣ ስለ ንጉሤ እግር፣ ስለ ስጦታው መሐላ እየፈጠረች ሙሾ ታወርድ ጀመር። የእናቱን ስም የሚጠራ ልጅ ያላት ሴት ሁሉ አለቀሰች። ለመሐመድ ባለሱቁ ጀማል ጎረቤቶቹን ይዞ መጥቶ ዱዓ አደረገ። አንድ ሽማግሌ ለለሜሳ በኦሮምኛ አንጎራጎሩ፤ ኃይሉ ሳያውቀው በጣቱ ወንበሩን ያንኳኳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ንፍሮ ሲዞር እጁን ዘርግቶ ዘገነ፣ አላምጦ ዋጠ። እማማ ጥሩነሽ አይተው ወደ ውጭ ወጡ። እኔም ድንኳኑ ዝናብ የሚያስገባበትን ቀዳዳ ለማየት አስመስዬ ወጣሁ። እሱን ቀዳዳ በማግስቱ በማስቲሽ ለጠፍኩት።

በአንድ ለቅሶ ሰው ድኖ ያድራል አልልም። ኃይሉን እኔ ዘንድ ሥራ አስገባሁት። ከመነዳሪ ሲፈነዳ በርሜሉ ሥር ይወድቅ ነበር፤ የሚስቁበት ሾፌሮች ነበሩ፣ ጎማቸውን ሳልለጥፍ መለስኳቸው። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሌሊት የማይተኛ መሆኑን አውቃ ጠዋት ጠዋት ሳይጠይቅ ሻይ ትልክለታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ሆነ፤ አገባ፣ ወለደ። የእድሩን ወጪ እከፍላለሁ ብሎ ኦቦ ቱሉ ዘንድ ሲሄድ፣ የለቅሶ ብድር በለቅሶ ነው የሚከፈለው ብለው መለሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰበታ ውስጥ ኃይሉ ቋሚ ያልተከለበት ድንኳን አላየሁም። ኦቦ ቱሉ ሲያርፉም የተከለው እሱ ነው፤ ማንንም አላስነካም።

እንግዲህ ወደ ብሩክ ልመለስ። ክረምት ሲወጣ በዚያ አሮጌ ሸራ አጠገብ ኃይሉ የነገረኝ ይህ ነው፤ «ጋሼ ወርቁ፣ ልጁ እኮ መርዶ አልተነገረውም።»

ይህን ሁሉ ያየሁ፣ ደንቡን በእጄ የጻፍኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን አላየሁትም ነበር። ለራስ ቤት ሲሆን ዓይን ይደበዝዛል። ሰንጋው ቀረ። ኃይሉ ብሩክን ይዞት ቡራዩ፣ ገፈርሳ ውኃ ዳር ሄዱ፤ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፣ ልጠይቅም አይገባኝም። ሲመለሱ ኃይሉ ሦስት ስም ይዞ መጣ፤ ሀብታሙ፣ ደረጀ፣ ኢብሳ። ዛሬ የእድራችን ዳኛ የኦቦ ቱሉ ልጅ ወይዘሮ ጫልቱ ናት፤ አስተማሪ ነች። በኮምፒዩተር የተጻፈውን ደንብ ገልጣ ለአባላቱ አነበበች፤ ለእህትና ለወንድም ወይም አብሮ ለዘመተ። ከወጣቶቹ አንዱ ይሄ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። ጫልቱ ወደ እኔ አየችና፣ «የአባቴ ሐሳብ ነው፣ እስክሪብቶው የጋሼ ወርቁ» አለች። የተቃወመ አልነበረም።

ጎሕ ሲቀድ ገባን። የገዛ ቤቴ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆሜ አንኳኳሁ። ኃይሉ መሃል ተቀመጠ፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ልክ የኦቦ ቱሉ ሆነ። ሀብታሙ ዐርፏል አለ። ደረጀ ዐርፏል አለ። ከዚያ በክርኑ ነካኝ። ሦስተኛውን እኔ እንድናገር ነው። ለዚህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ስንት ሺህ ቃል ተናግሬአለሁ፤ አትዘግይ፣ አትዋሽ፣ ቀና ብለህ ሂድ። ያን ጊዜ ግን ከአፌ የወጣው አንድ ብቻ ነው።

«ብሩክ፣ ወንድምህ ኢብሳ ዐርፏል።»

ልጄ አየኝ። ከዚያ ከሕፃንነቱ ወዲህ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጥሎ አለቀሰ። እኔም አልመከርኩትም። እጄን ጸጉሩ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ኃይሉ አዲሱን ድንኳን አልፈለገም፤ አሮጌውን ነው የተከለው። ሦስቱን ቀን ማስቲሽ ማስቲሽ ሸተተን። ድንኳኑ በተነሣ ማግስት ብሩክ፣ አባዬ፣ ስንት ወጣ፣ ሥራ ስይዝ እመልሳለሁ አለኝ። የለቅሶ ብድር በምን እንደሚከፈል ነገርኩት። ቅዳሜ ዓለም ገና አንድ አባላችን እናታቸውን አጡ፤ በመስኮት ሳይ፣ ወደዚያ ሲሄዱ ኃይሉ የቋሚውን አንድ ጫፍ ይዟል፣ ሌላውን ጫፍ ብሩክ፤ ብሩክ የሆነ ነገር እየነገረው ኃይሉ ይስቃል። ሒሳቡን ጸሐፊ ነበርኩና እዚህ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ለአራቱ፣ ያኔ፣ ንፍሮውም ስኳሩም ተደምሮ ከየቤቱ ሁለት ብር፣ በጠቅላላ ዘጠና ስድስት ብር። ለሦስቱ፣ ዘንድሮ፣ ከየቤቱ መቶ ብር፣ በጠቅላላ ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር።